ቱር መኪና ላይ የብሉቱዝ ባትሪ ሞኒተር ስታስገጥሙ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

ቱር መኪና ላይ ፍሪጅ አለ፣ የእንግዶች ካሜራና ስልክ ቻርጅ አለ፣ ካምፕ ላይ ደሞ መብራት አለ፣ ይሄ ሁሉ ከሁለተኛው ባትሪ ነው የሚበላው፣ ስለዚ የባትሪውን ሁኔታ በብሉቱዝ ስልክ ላይ የሚያሳይ ሞኒተር ማስገጠም አሪፍ ነገር ነው። ችግሩ ብዙ ሾፌር ስልኩ ላይ የወጣውን ቁጥር እንደ ወንጌል ይዞ መሄዱ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት መኪናውን እንዳቆሙ ቮልት ማንበብ ነው። ከላንጋኖ ተመልሳችሁ ስታዲየም ጋር ሆቴሉ በር ላይ ሞተር አጥፍታችሁ ወዲያው ብታዩት 13 ምናምን ይላችኋል፣ ደስ ይላል፣ ግን መንገዱን ሙሉ ዲናሞው ሲሞላው ስለመጣ ላዩ ላይ የቀረ ቻርጅ ነው። ሞተር ጠፍቶ፣ ፍሪጁም ተነቅሎ፣ ጥቂት ሰዓት ሲያርፍ ነው እውነቱ የሚወጣው። ተራው የአሲድ ባትሪ ያኔ 12.6 ወይ 12.7 ካለ ሙሉ ነው፣ 12.2 አካባቢ ግማሽ ነው፣ 12 ከነካ ግን ሳይሞላ ጉዞ አይወጣበትም። ሞተር እየሰራ 14 አካባቢ ማየት ዲናሞው እየሰራ መሆኑን እንጂ የባትሪውን ጤና አይነግራችሁም። ሞተር የሚያስነሳው ዋናው ባትሪ ደሞ ሞተሪኖ ሲዞር ለአፍታ ወደ 10 ቢወርድ ጤነኛ ነው፣ አትደንግጡ።

ሊትየም ላስገባችሁ ይሄ ሁሉ አይሰራም። መኪና ላይ የሚገባው ሊትየም አይረን ፎስፌት ብዙውን ጊዜውን 13.2 አካባቢ ተቀምጦ ነው የሚያሳልፈው፣ 80 ፐርሰንትም ሆነ 40 ቢሆን ልዩነቱ ኢምንት ነው፣ ከዛ መጨረሻ ላይ ባንዴ ይወድቃል። ቮልት ብቻ የሚያነበውን ርካሽ ሞኒተር ለሱ መግዛት ብር መጣል ነው፣ የግድ ሸንት ያለው ያስፈልጋል።

ሸንት ያስገጠሙትም ቢሆን ዋናውን ስህተት የሚሰሩት ገመዱ ላይ ነው። ሸንት ማለት ኔጌቲቩ ላይ የሚገባ ትንሽ ብረት ነው፣ በውስጡ ያለፈውን አምፒር ብቻ ነው የሚቆጥረው፣ በጎን ያለፈውን አያውቅም። አንድ ልጅ ሶማሌ ተራ አካባቢ መኪናውን ይዞ መጥቶ ለኤሌትሪሽያኑ ሲያስረዳ ነበር፣ «ጋሼ፣ ሌሊቱን ፍሪጁ ጠፋብኝ፣ ስልኩ ግን እስካሁን መቶ ፐርሰንት ይላል እኮ»። ሰውዬው መልስ እንኳን ሳይሰጠው ኮፈኑን ከፍቶ የፍሪጁን ጥቁር ገመድ በጣቱ እየተከተለ ሄዶ ቀጥታ ባትሪው ጫፍ ላይ ታስሮ አገኘው። ነቅሎ ሸንቱ ሌላኛው ጫፍ ላይ፣ የቦዲው ገመድ ካለበት ጋር አሰረውና «በል አሁን ፍሪጁን አብራ» አለው፣ ልጁ ሲያበራ ስልኩ ላይ 0 የነበረው አምፒር 4 ሆነ። እናንተም እንደዚው ፈትኑት፣ እያንዳንዱን ነገር ስታበሩ አምፒሩ ካልተንቀሳቀሰ ያ ገመድ በጎን አልፏል ማለት ነው። ባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ ላይ ከሸንቱ በቀር ምንም ገመድ መቅረት የለበትም። ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ ሸንቱ የሚሄደው ቀዩ ቀጭን ገመድ ላይ ያለውን ፊውዝ ደሞ «ምን ያደርጋል» ብሎ የሚቆርጥ ሰው አለ፣ እባካችሁ ተዉት።

ከዛ የባትሪውን አቅም አፑ ላይ መሙላት አትርሱ። ሞኒተሩ 200 አምፒር ሰዓት ተብሎ የናንተ ባትሪ 100 ከሆነ፣ ግማሹን ስትጨርሱ እሱ ገና 75 ፐርሰንት እያለ ያሾፍባችኋል። አልፎ አልፎም ባትሪውን እስከ ጥግ ሞልታችሁ አፑ ላይ መቶ ፐርሰንት አስይዙት፣ ቆጠራው እየቆየ መሳሳቱ አይቀርም።

አፑ ላይ የሞኒተሩን ስም መቀየር ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን የአንድ ድርጅት አምስት ላንድክሩዘር መስቀል አደባባይ ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ ጎን ለጎን ቆሞ አፑ ላይ አምስቱም አንድ አይነት ስም ሲወጣ የጎረቤትን ባትሪ እያየ «ሙሉ ነው» ብሎ የሚወጣ አይጠፋም። የታርጋውን መጨረሻ ቁጥሮች ስም አድርጉት፣ ከፋብሪካ የመጣውን ፒንም ቀይሩት። ብሉቱዝ ሆቴል ክፍል ድረስ ይደርሳል ብላችሁም አላርሙን አትጠብቁ፣ ብረት መሀል ገብቶ አስር ሜትርም ላይሞላ ይችላል።

ኮስተር ያላችሁ ደሞ ከመግዛታችሁ በፊት እቃው 24 ቮልት መቻሉን እዩ፣ 12 ብቻ የሚል ከሆነ ይቃጠላል። ሁለቱ ባትሪ በተከታታይ ስለታሰረ አጠቃላዩ 25 ምናምን ብሎ ደህና ሲመስል አንደኛው ደክሞ ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ለቴፕ 12 ቮልት ከአንዱ ባትሪ ብቻ የወሰዳችሁ ሰዎች ሁለቱንም ለየብቻ በቴስተር ለኩ።

ሊትየም ይዛችሁ ባሌ ለምትወጡ ደግሞ፣ ሳነቴ ከ4000 ሜትር በላይ ነው፣ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ሊትየም ደሞ ከዜሮ በታች ቻርጅ ከተደረገ ይበላሻል። የሙቀት ሴንሰሩን ባትሪው ላይ ሳይሆን ጋቢና ውስጥ የሚለጥፉት ሰዎች ይሄ አይታያቸውም፣ ሂተር ያለበትን አየር ነው የሚለኩት፣ ስለዚ ሴንሰሩ ባትሪው አካል ላይ ይለጠፍ፣ ጠዋት ቁጥሩን ሳታዩም ሁለተኛውን ባትሪ ከዲናሞው ጋር አታገናኙት።