የዘር የቆዳ በሽታን ከመልኩ ሳይሆን ከጂኑ ተነስቶ መመደብ

እኔ የዘር የቆዳ በሽታዎችን ስመድብ «ምን ይመስላል?» ከሚለው አልነሳም። መልክ ያሳስታል። የምነሳው የተበላሸው ጂን ከሚያሠራው ፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲኑ ቆዳ ላይ ሥራው ምንድን ነው?

በትንሽ ፍትጊያ ቆዳ ውሃ የሚቋጥርበትን ኤፒደርሞላይሲስ ቡሎሳን ውሰዱ። ላይ ላዩን ሲያዩት አንድ በሽታ ነው። ቆዳው የሚለያይበትን ቦታ ስትፈልጉ ግን ይበታተናል። የላይኛው ቆዳ የመጨረሻ የታች ረድፍ ሴሎች ውስጥ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኬራቲን 5 ወይም 14 ነው። ሴሉን አጽንተው የሚይዙት ክሮች እነሱ ናቸው። የላይኛውንና የታችኛውን ቆዳ በሚያያይዘው ስስ ገለፈት ላይ ከሆነ ሁለቱን ቆዳዎች የሚያያይዙትን ፕሮቲኖች ላሚኒን 332ን ወይም ኮላጅን 17ን ጠርጥሩ። ከገለፈቱ በታች ከሆነ ኮላጅን 7 ነው። ይሄኛው ጠባሳ ይተዋል፤ ሲከፋ ጣት ከጣት ያጣብቃል። ኪንድለር የሚባለው ዓይነት ግን ለየትኛውም አይመችም፤ ቆዳው በተለያየ ደረጃ ላይ ይለያያል። ለብቻው ተዉት።

የውርሱን መንገድ ዋና ርዕስ አታድርጉት። የኮላጅን 7 ጂን አንዳንዴ አንድ ቅጂው ብቻ ተበላሽቶ በሽታ ያመጣል፣ አንዳንዴ ሁለቱም መበላሸት አለባቸው። ስለዚህ ውርሱን ከጎን ጻፉት።

ሌሎቹ ምድቦች ይቀላሉ። ፊላግሪን የሚባለው የላይኛው ቆዳ ፕሮቲን ሲጎድል ቆዳው እርጥበቱን መያዝ ያቅተዋል፤ ኢክቲዮሲስ ቩልጋሪስ ይባላል። ዜሮደርማ ፒግመንቶሰም ፀሐይ ያበላሸውን ዲኤንኤ የመጠገን ችግር ነው። አልቢኒዝም ከቀለም ሥራ ጋር ይሄዳል። ኒውሮፋይብሮማቶሲስ 1 የሴል እድገት ፍሬን ሲላላ የሚመጣ ነው። ሄይሊ-ሄይሊ የሚባለው በሽታ ብብትና ብሽሽት ስለሚያቆስል ውሃ ከሚቋጥሩት ጋር ሊያስመድባችሁ ይችላል። እንዳትሸወዱ! ችግሩ ሴል ውስጥ ያለ የካልሲየም ፓምፕ ነው፤ በምድቡ ጎረቤቱ፣ እሱም ከካልሲየም ፓምፕ ችግር የሚመጣው የዳሪየር በሽታ ነው።

ብዙ ሰው የሚዘለው ሞዛይክን ነው፤ ማለትም በአንድ ሰው ውስጥ ጤነኛና የተበላሸ ጂን ያላቸው ሴሎች አብረው ሲኖሩ። ጂኑ የተበላሸው ከፅንሰት በኋላ ከሆነ የሚነካው የሰውነትን ከፊል ብቻ ነው። ምልክቱም ብዙ ጊዜ ጀርመናዊው የቆዳ ሐኪም አልፍሬድ ብላሽኮ በ1901 የገለጻቸውን የቆዳ መስመሮች ተከትሎ ይወጣል። የኬራቲን 10 ጉድለት ያለበት ወላጅ ክንዱ ላይ ሻካራ መስመር ብቻ ሊኖረው ይችላል። ጉድለቱ የዘር ሴሎቹን ከነካ ግን ልጁ መላ ሰውነቱ የተጠቃ ሆኖ ሊወለድ ይችላል። እናም ወላጅ «እኔ ደህና ነኝ» ቢልም ቆዳውን እዩለት።