የአንጉሌሙን ዣን ሰባት ቤት ለመቁጠር

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች የገዛሁትን የፈረንሳይ ታሪክ አራት ኪሎ ቡና ቤት ቁጭ ብዬ ሳነብ፣ ሉዊውና ሻርሉ ይደባለቁብኝ ነበር። መላ ያገኘሁት አያቴ ሰባት ቤት ባስቆጠረችኝ መንገድ ነው። እናንተም በፈረንሳዊው መኳንንት በአንጉሌሙ ኮንት በዣን ሞክሩት።

ያለፈ ዓመት የግድግዳ ካላንደር ገልብጡና ዣንን መሃል ላይ ጻፉ። ከዚያ ወደ ላይ ውጡ፦ አባቱ የኦርሌያን መስፍን ሉዊ፣ ቀጥሎ ሻርል 5ኛ፣ ዣን 2ኛ፣ ፊሊፕ 6ኛ፣ የቫሏ ሻርል፣ ፊሊፕ 3ኛ፣ በሰባተኛው ሉዊ 9ኛ። ማዕረጉን ከስሙ አትነጥሉ። ዓመቱንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ተዉት፤ ወደ እኛ መመለስ ስሕተት ያበዛል።

አሁን በቀይ እስክሪብቶ የተማረኩትን አክብቡ። ሉዊ 9ኛ በ1250 ግብፅ ውስጥ ተማረከ፤ ዣን 2ኛ በ1356 ፗቲዬ ጦር ሜዳ ላይ በእንግሊዞች እጅ ወደቀ። የዣን ታላቅ ወንድም ሻርልም በ1415 አዣንኩር ላይ ተማርኮ 25 ዓመት እንግሊዝ አገር ቆየ።

ዣንን ግን በሌላ ቀለም አክብቡት። እርሱ ምርኮኛ ሳይሆን መያዣ ነው፤ ይህን ልዩነት የሚያልፍ ሰው ታሪኩን ስቶታል ብዬ አምናለሁ። አባቱ በ1407 ፓሪስ ውስጥ በቡርጎኝ መስፍን ትእዛዝ ተገደለ። የአባቱ ወገኖች ከመስፍኑ ጋር ሲዋጉ የእንግሊዝ ጦር ጠሩ፤ ጦሩ ሲደርስ ግን ተፋላሚዎቹ ታርቀው ነበር። የመጣው ጦር ካልተከፈለኝ አልመለስም አለ። በ1412 ለዕዳው ዋስትና ከተሰጡት አንዱ፣ ለባንክ ብድር እንደሚያዝ ቤት፣ ገና ልጅ የነበረው ዣን ነው። ዕዳውን ይከፍላል የተባለው ወንድም ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ ራሱ ቤዛ የሚፈለግለት ሆነ። ዣን የተለቀቀው በ1445 ነው። እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እስክሪብቶዬን አስቀምጣለሁ።

ከዚያ ወደ ታች ውረዱ። በ1449 ማርገሪት ደ ሮዋንን አገባ፤ ልጁ ሻርል፣ የልጅ ልጁ በ1515 የነገሠው ፍራንሷ 1ኛ።

ለዣን እናት ለቫለንቲና ቪስኮንቲ በስተግራ ሰፊ ቦታ ተዉ። የሚላኑ መስፍን ልጅ ናት፤ በእርሷ በኩል በሚመጣው የውርስ መብት የዣን ወንድም የሻርል ልጅ ንጉሥ ሉዊ 12ኛም ፍራንሷም ሚላንን ይገባናል ብለው ዘምተዋል። በመጀመሪያው ወረቀቴ ላይ የዣንን የአባት ወገን ብቻ ስለጻፍሁ፣ ፍራንሷ ምን ፈልጎ ወደ ሚላን እንደወረደ አልገባኝም ነበር።