ቡድናችሁ ለምን እየተሸነፈ ነው? የኮሌጅ ፉትቦል ሽንፈትን ከሜዳ እስከ ዓለም ፖለቲካ መመርመሪያ

ቅዳሜ ማታ ቡድን ሲሸነፍ ጣት የሚቀሰረው ወደ ሦስት አቅጣጫ ነው፦ ወደ አሰልጣኙ፣ ወደ ገንዘቡ፣ ወደ ፖለቲካው። በአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ሦስቱም እውነተኛ ድርሻ አላቸው። ሦስቱ በአንድ ትንፋሽ ሲደባለቁ ግን የቱ የቱን እንዳመጣ አይታወቅም፤ ንዴቱም ያላጠፋ ሰው ላይ ያርፋል። ስለዚህ ከሜዳው ጀምሩ። አብዛኛው ምክንያት ያለው እዚያ ነው፣ ቁጥሩም በነጻ ይገኛል።

የሚያስፈልጋችሁ ቢያንስ የአራት ጨዋታ ዝርዝር ዘገባ ነው፤ ማለትም እያንዳንዱ ሙከራ ከየት ተነስቶ ስንት ያርድ እንዳስገኘ የተመዘገበበት። እስክሪብቶና ወረቀት ይበቃል። ለአንድ ጨዋታ አንድ ሰዓት ያህል መድቡ። ከአራት ጨዋታ በታች ከሆነ ግን ድምዳሜ ላይ አትድረሱ፤ አንድ መጥፎ ቅዳሜ ማንም ቡድን ላይ ይደርሳል።

በስንት ተሸነፈ?

መጀመሪያ ከየጨዋታው ጎን የነጥብ ልዩነቱን ጻፉ። በ8 ነጥብና ከዚያ በታች የተሸነፋችሁትን ለይታችሁ አስቀምጡ። 8 የተመረጠው ተችዳውን፣ ማለትም ኳሱን እስከ ተጋጣሚው ሜዳ ጫፍ ማድረስ፣ 6 ነጥብ ስለሆነ፣ ከእሱ በኋላ የሚሞከረው ደግሞ እስከ 2 ስለሚያስገኝ ነው፤ ማለትም ኳሱን አንድ ጊዜ ይዞ በመሄድ ሊካካስ የሚችል ልዩነት ነው። ቀጥሎ ከኤፍሲኤስ ማለትም ከታችኛው እርከን ቡድን ጋር የተደረገውን ጨዋታ ከድምሩ አውጡ። እንዲህ ያለው ጨዋታ ቁጥሩን ያሳምረዋል እንጂ ስለ ቡድኑ ብዙ አይናገርም።

ለዚህ ከ2021 የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ ቡድን የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ቡድኑ 3 አሸንፎ 9 ተሸነፈ፤ ዘጠኙም ሽንፈት ከ10 ነጥብ በታች ነበር። ኢሊኖይ በ8፣ ኦክላሆማ በ7፣ ሚሺገን ስቴት በ3፣ ሚሺገን በ3፣ ሚኒሶታ በ7፣ ፐርዱ በ5፣ ኦሃዮ ስቴት በ9፣ ዊስኮንሰን በ7፣ አይዋ በ7። የዓመቱ ድምር ልዩነት ግን በ63 ነጥብ ብልጫ ነው። ከታችኛው እርከን የሆነውን ፎርድሃምን 52 ለ7 የረታበትን ስታወጡ ብልጫው ወደ 18 ይወርዳል። ነብራስካ የሚወዳደርበትን ምድብ፣ የቢግ ቴን ኮንፈረንስን ጨዋታዎች ብቻ ስትደምሩ ደግሞ ኖርዝዌስተርንን 56 ለ7 ያሸነፈበት 49 ነጥብ ከስምንቱ ሽንፈት 49 ጋር ተጣፍቶ ዜሮ ይሆናል። የኮንፈረንስ ውጤቱ 1 ድልና 8 ሽንፈት የሆነ ቡድን በነጥብ ከተጋጣሚዎቹ እኩል ወጣ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ሲገጥማችሁ «ቡድኑ ምንም አይረባም» የሚለው አያስኬድም። «ዕድል ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ይስተካከላል» የሚለውም ገና አልተረጋገጠም። ጠባብ ሽንፈት ሲደጋገም የሚጠየቀው ነጥቡ የፈሰሰው በየት በኩል ነው የሚለው ነው። የነብራስካን ቀዳዳ ለማየት አንድ ፐንት፣ ማለትም ኳሱን ለተጋጣሚ አርቆ የመምታት ምት፣ ይበቃል። ሚሺገን ስቴት በሁለተኛው አጋማሽ በመደበኛ ሰዓት ያገኘው 14 ያርድ ብቻ ነበር። ነብራስካ 20 ለ13 እየመራ ሊጠናቀቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ኳሱን ለማራቅ ሊመታ ቆመ። የኳሱን ተቀባይ ሊያስቆሙ የሚሮጡት ተጫዋቾች ወደ ቀኝ ሄዱ፤ ኳሱ ግን በግራ በኩል ወጣ። ተቀባዩ ባዶ ሜዳ አገኘና 62 ያርድ ሮጦ ተችዳውን አስቆጠረ። በተጨማሪ ሰዓት 23 ለ20 ተሸነፉ። ከኦክላሆማ ጋር ደግሞ ከተችዳውን በኋላ የተመታች የአንድ ነጥብ ምት ተከልክላ በተቃራኒው ወገን ተወስዳ 2 ነጥብ ሆነች፤ ያ ጨዋታ 23 ለ16 አለቀ። አይዋ ላይ እየመሩ ሳለ ፐንታቸው ተከልክሎ ተችዳውን ተቆጠረበት። ሦስት ጨዋታ፣ አንድ ቀዳዳ፦ የምት ክፍሉ። በምት ጊዜ ስክሪኑን ትቶ ውሃ ለመቅዳት የሚነሳ ተመልካች ይህን አያየውም።

ሙከራ በሙከራ

ቀጥሎ እያንዳንዱን የማጥቃት ሙከራ «ሠርቷል» ወይም «አልሠራም» ብላችሁ ምልክት አድርጉበት። ቡድን 10 ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ አለው፤ እያንዳንዱ ዳውን ይባላል። መስፈርቱ ቀላል ነው። በአንደኛ ዳውን ከሚያስፈልገው ያርድ ግማሹ ከተገኘ ሠርቷል፤ በሁለተኛ ዳውን 70 በመቶው፤ በሦስተኛና በአራተኛ ዳውን ሙሉው። ስለዚህ አንደኛ ዳውን ላይ 10 ያርድ ሲቀር 5 መገኘት አለበት፤ ሁለተኛ ላይ 10 ሲቀር 7። ከመቶ ሙከራ 40 ያህሉ ከሠራ ቡድኑ መካከለኛ ነው፤ ወደ 50 የሚጠጋው በጣም ጎበዝ ነው። ጨዋታው አልቆለት ተቀያሪዎች ሲገቡ የተደረገውን አትቁጠሩ። በአራተኛው ሩብ ልዩነቱ ከሦስት ተችዳውን ካለፈ እዚያ ላይ አቁሙ።

ደጋፊ ሁሉ የሚናደደው በሦስተኛ ዳውን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ቀደም ብሎ የተፈጸመ ነው። ሦስተኛ ዳውን ላይ በአማካይ ስንት ያርድ ይቀራል የሚለውን ጻፉ። 3 ወይም 4 ሲቀር የሚከሽፍ ከሆነ የጨዋታ ጥሪውንና የፊት መስመሩን ጠይቁ። ዘወትር 8 እና 9 የሚቀር ከሆነ ግን ማንም አሰልጣኝ ጥሩ ጥሪ አያገኝለትም፤ ወደ አንደኛ ዳውን ተመለሱ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደርሰናል። በኮሌጅ ሕግ ኳርተርባኩ፣ ማለትም ማጥቃቱን የሚመራው ወርዋሪ፣ ኳሱን ሳይወረውር ከኋላ ሲያዝ፣ ማለትም ሳክ ሲሆን፣ የጠፋው ያርድ የሚቀነሰው ከሩጫ ነው። በፕሮፌሽናሉ ሊግ በኤንኤፍኤል የሚቀነሰው ከቡድኑ የውርወራ ያርድ ነው። «38 ሩጫ፣ 105 ያርድ» የሚል ዘገባ ስታዩ በአንድ ሩጫ 2.8 ያርድ ነውና ሩጫው የሞተ ይመስላል። ከእነዚያ ውስጥ 5ቱ ሳክ ሆነው 35 ያርድ ከጠፋባቸው ግን እውነተኛው ሩጫ 33 ጊዜ 140 ያርድ ነው፤ በአንዱ 4.2። ሩጫው ደህና ነው፤ የታመመው የኳርተርባኩ ጥበቃ ነው። ይህን ሳያስተካክል «ሯጩን ቀይሩት» የሚል ደጋፊ ያላጠፋውን ሰው አስወቀሰ ማለት ነው።

የሳኩን ባለቤት ለማግኘት ቪዲዮውን መልሳችሁ በሰዓት ለኩ። ኳሱ ከተነሳ በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ከደረሱበት ጥፋቱ በአብዛኛው ኳርተርባኩን የሚጠብቀው የፊት መስመር ነው። ከ3 ሰከንድ በላይ ከቆየ ኳርተርባኩ ኳሱን አቅፏል፣ ወይም ተቀባዮቹ ሊላቀቁ አልቻሉም። በተጨማሪ የመጡትን ቁጠሩ። አራት ሰው ብቻ መጥቶ አምስቱን የመስመር ተጫዋቾች ካለፈ ድክመቱ የአካልና የቴክኒክ ነው። ስድስት መጥቶ አንዱን ማንም ካልነካው ግን የመናበብ ችግር ነው፤ ይህ በልምምድ በሳምንታት ውስጥ ይስተካከላል፣ የመጀመሪያው ግን አዲስ ሰው ይፈልጋል።

ኳስ ማጣትን በተመለከተ በጥንቃቄ ፍረዱ። ኳስ ከእጅ ወድቃ መሬት ላይ ከተንከባለለች በኋላ ማን እንደሚይዛት ከሳንቲም ዕጣ ብዙም አይለይም። ስለዚህ የጠፉትን ብቻ ሳይሆን የሁለቱንም ወገን የወደቁ ኳሶች በሙሉ ቁጠሩ። አሥር ጊዜ ጥላችሁ ስምንቱን ያጣችሁ ከሆነ ኳስ መያዝ አለመቻላችሁ የራሳችሁ ጥፋት ነው፤ ስምንቱም መጥፋታቸው ግን አይደጋገምም።

የተጫዋች ዝርዝርና ገንዘብ

ሜዳው ላይ የታየው ድክመት አካላዊ ከሆነ ወደ ተጫዋቾች ዝርዝር ሂዱ። ከኦፌንሲቭ ላይን፣ ማለትም ከዚያው የፊት መስመር፣ ጀምሩ። የሚሰለፉት 5 ናቸው፤ ጤነኛ ቡድን ግን ወደ 15 ያህል ይይዛል። ከእነሱ ውስጥ ሦስተኛና አራተኛ ዓመት የሆኑት ስንት ናቸው? ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተዛወሩት ስንት ናቸው? ቦታው በአዲስ መጪዎች ከተሞላ በመስከረም የታየው አለመናበብ ያን ያህል አያስደንቅም።

ከዚህ ጋር ሕጉን ማወቅ ግድ ነው። መዛወር የሚፈልጉ ተጫዋቾች የሚመዘገቡበት የዝውውር ፖርታል የተከፈተው በ2018 ነው። በ2021 ተጫዋች አንድ ጊዜ ተዛውሮ ወዲያው እንዲሰለፍ ተፈቀደ፤ በዚያው ዓመት ከጁላይ 1 ጀምሮ ከስሙና ከምስሉ ገንዘብ ማግኘት ቻለ። በጁን 2025 ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ለስፖርተኞቻቸው እንዲከፍሉ በር ከፈተ፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። የፉትቦል ቡድን ዝርዝርም በ105 ሰው ተገደበ። «ድሮ እንዲህ አልነበርንም» የሚለው ንግግር እውነት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ተጠባባቂውን ሦስት ዓመት አስቀምጦ ማብሰል ዛሬ ከባድ ነው፤ ሁለተኛው ዓመት ሳያልቅ ሌላው ይወስደዋል።

«አሰልጣኙ ይባረር» ከማለታችሁ በፊት ውሉን አንብቡ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ውሉ አብዛኛውን ጊዜ ለሕዝብ ክፍት ሰነድ ነው። የምትፈልጉት ያለ በቂ ምክንያት ሲሰናበት የሚከፈለውን መጠን፣ የሚከፈልበትን ጊዜ፣ ሌላ ሥራ ሲያገኝ የሚቀነስ መሆን አለመሆኑን ነው። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በኖቬምበር 2023 ጂምቦ ፊሸርን ሲያሰናብት ዕዳው ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። አሰልጣኝ ሲሄድ ተጫዋቾችም መውጫ ስለሚከፈትላቸው፣ ሂሳቡ ውስጥ የሚሄዱትን ወጣቶችም ደምሩ።

ፖለቲካው መቼ ነው ምክንያት የሚሆነው?

የዓለም ፖለቲካ ይህን ጨዋታ ነክቶት አያውቅም የሚል ሰው ታሪኩን አልተመለከተም። ጃፓን ፐርል ሃርበርን ከደበደበች በኋላ የ1942ቱ ሮዝ ቦውል የተባለው ዝነኛ ጨዋታ ከካሊፎርኒያ ወጥቶ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ በደርሃም ተካሄደ፤ ኦሪገን ስቴት ዱክን 20 ለ16 አሸነፈ። ከሴፕቴምበር 11፣ 2001 ጥቃት በኋላ የዚያ ሳምንት ታላላቅ ጨዋታዎች ተራዘሙ። ነገር ግን ፖለቲካ ጨዋታውን መንካቱ አንድ ነገር ነው፤ የእናንተን ቡድን ማሸነፉ ሌላ ነገር።

ለመለየት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ውሳኔው ወይም ክስተቱ በየትኛው መንገድ ሜዳው ላይ ደረሰ? መንገዱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻላችሁ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ሁለተኛ፣ ሁሉንም እኩል ነካ ወይ? ይህ ከሦስቱ ዋናው ነው። ሁሉንም እኩል የነካ ነገር እናንተ ከሌሎች ተለይታችሁ ለምን እንደወደቃችሁ ሊያስረዳ አይችልም። በ2020 ወረርሽኙ ቢግ ቴንን ሙሉ በሙሉ ነካ፤ ዘግይቶ የጀመረውም በአንድነት ነው። ስለዚህ በዚያው ኮንፈረንስ ውስጥ ያለ ተቀናቃኝ ሲያሸንፍ «ኮቪድ ጎዳን» ብቻውን አይበቃም። ሦስተኛ፣ ውድቀቱ የጀመረው ከክስተቱ በኋላ ነው ወይስ በፊት? ቀኑን አስቀምጡና ሰንጠረዡን ተመልከቱ።

ሦስቱንም ፈተና የሚያልፍ ጉዳይ አለ፦ ቪዛ። በኤፍ 1 የተማሪ ቪዛ ያለ ተጫዋች በትምህርት ወቅት በግቢው ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ከመሥራት ያለፈ ገቢ ሲያገኝ የመኖሪያ ፈቃዱን አደጋ ላይ ይጥላል። ጓደኞቹ ከማስታወቂያ ሲከፈላቸው እሱ ብዙ ጊዜ ማየት ብቻ ነው ዕጣው። ይህ በተለይ ኳስ መቺዎችን ይነካል፤ ከአውስትራሊያ የሚመጡ ፐንተሮች ብዙ ናቸውና። የአይዋው ቶሪ ቴይለር፣ የሜልበርን ልጅ፣ በ2023 ለአገሪቱ ምርጥ ፐንተር የሚሰጠውን የሬይ ጋይ ሽልማት ወስዷል። ቡድናችሁ በምት የሚመካ ከሆነ የኢሚግሬሽን ደንብ ለእናንተ የስፖርት ዜና ነው።

ኳሱንና የዓለሙን ዜና በአንድ ምሽት የምትከታተሉ ከሆነ ስትጽፉ ለዩዋቸው። ከተማ እየተደበደበ ባለበት ሳምንት 45 ለ10 መሸነፍን «እልቂት» ማለት አይገባም፤ ቃሉ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ። በሽንፈት ንዴት ውስጥ ሳላችሁም የጦርነት ዜና አታጋሩ። ማን ተናገረው፣ መቼ፣ ከእሱ ጋር ግንኙነት የሌለው ሌላ ምንጭ አረጋግጦታል ወይ የሚሉትን ሦስቱን ነገሮች ለማየት አምስት ደቂቃ ይበቃል። የተናደደ ሰው አምስቱን ደቂቃ ይዘላል።

ምርመራውን ስትጨርሱ ምክንያቱን በአንድ መስመር ጻፉና ቀን አስቀምጡበት፤ ከጎኑም ምን ብታዩ ሐሳባችሁን እንደምትቀይሩ። ለምሳሌ «የታመመው የምት ክፍሉ ነው፤ በሚቀጥሉት ሦስት ጨዋታዎች አንድም ምት ሳይበላሽ ከተሸነፍን ተሳስቻለሁ»። በየሦስት ጨዋታው ሰንጠረዡን አድሱት። ከ2021 በኋላ ብዙ ሰው ነብራስካ ጠባብ ሽንፈቱ እንደሚገለበጥለት ጠብቆ ነበር። በኦገስት 2022 ደብሊን ላይ ኖርዝዌስተርንን 28 ለ17 ሲመሩ ኳሱን መልሰው ለመውሰድ አጭር ምት ሞከሩ፤ ከሸፈና 31 ለ28 ተሸነፉ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ጆርጂያ ሳውዘርን በሜዳቸው 45 ለ42 ረታቸው፤ በማግስቱ አሰልጣኙ ስኮት ፍሮስት ተሰናበተ። ሁለቱም ሽንፈት በ3 ነጥብ ነው። 45 ነጥብ ማስተናገድ ግን በ2021 አንድም ጊዜ አልደረሰባቸውም፤ ቀዳዳው ወደ መከላከሉ ተዛውሯል ማለት ነው።