«ካምቢዮው ሄዷል» ከመባላችሁ በፊት፦ የላንድክሩዘርና የፕራዶ አውቶማቲክ ካምቢዮ ችግርን መለየት

ፕራዶ ወይም ላንድክሩዘር ይዛችሁ ጋራዥ ግቡና «ማርሽ ሲቀይር ይመታኛል» በሉ። ቡናችሁን ሳትጨርሱ «ካምቢዮው ሄዷል፣ መውረድ አለበት» ትባላላችሁ። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ምንም ሳይለካ የተሰጠ ፍርድ ነው። ካምቢዮ አንዴ ወርዶ ከተፈታ በኋላ ደግሞ መጀመሪያ ምን እንደነበረበት ማወቅ ከባድ ነው፤ ዘይቱ ፈስሷል፣ ሶኬቱ ተነቅሏል፣ የቀረው ግምት ብቻ ነው። ስለዚህ ከውጭ ወደ ውስጥ ሂዱ። መጀመሪያ ካምቢዮ ያልሆነውን ነገር ለዩ፣ ከዚያ ዘይቱን እዩ፣ ከዚያ ኤሌክትሪኩን፣ ከዚያ መንገድ ላይ ሞክሩት። ኮፓ (ከካምቢዮው ስር ያለውን የዘይት መያዣ) መክፈት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የማወራው በዋናነት ስለ ቶዮታ ነው፤ የ80 እና የ100 ላንድክሩዘር፣ የ90 እና የ120 ፕራዶ። ሃርድቶፑ ባብዛኛው ማኑዋል ስለሆነ እዚህ አይገባም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌውን ጠግኖ ማኖር የግድ ሆኗል። ኒሳንና ሚትሱቢሺ የያዛችሁም አንብቡት፣ መሠረቱ አንድ ነው።

ካምቢዮ የሚመስሉ ሌሎች ችግሮች

ሞተሩ ይሰራል፣ ዲ ታስገባላችሁ፣ መኪናው ንቅንቅ አይልም። ወደኋላም እንደዚያው። ከመደንገጣችሁ በፊት የፎር ዊሉን ማስገቢያ እዩ። ትራንስፈሩ (ከካምቢዮ የመጣውን ኃይል ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው ክፍል) ኤን ላይ ከቆመ ካምቢዮው ቢሽከረከርም ኃይሉ ጎማ ጋ አይደርስም። ከጭቃ ወጥቶ ከኤል 4 ወደ ኤች 4 ሲመለስ ማስገቢያው መሀል ላይ ስለቀረ ብቻ መኪናውን በሎቤድ የሚያስጭን ሰው አለ። በነገራችን ላይ ትራንስፈሩ ኤን ላይ እያለ ፒ ብታስገቡም መኪናው ሊንከባለል ይችላል። ዳገት ላይ የእጅ ፍሬን ሳትይዙ እንዳትወርዱ።

ሁለተኛው ከስር የሚሰማው ምት ነው። ልትቆሙ ስትሉ ወይም ቆማችሁ ስትነሱ ከኋላ «ጓ» የሚል፣ አንድ ሰው በእግሩ የመታችሁ የሚመስል። ይሄን ካምቢዮ ብለው ያወረዱ ብዙ ናቸው። ከትራንስፈር ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ረጅም ዘንግ እየረዘመና እያጠረ የሚንሸራተት ጥርስ አለው፤ ጥርሱ ግራሶ ሲያጣ ይይዝና ድንገት ይለቃል። ግራሶ መስጫውን ፈልጉና ስጡት፤ ክሮቼራዎቹንም (የዘንጉን መታጠፊያ መገጣጠሚያዎች) በእጃችሁ ነቅንቁ። ምቱ ከጠፋ ጨርሳችኋል።

ሦስተኛው የከፍታ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ቤንዚን ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ከኃይሉ አንድ አምስተኛውን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። ሞተሩ ሲደክም አብዝታችሁ ትረግጣላችሁ፣ አብዝታችሁ ስትረግጡ ካምቢዮው ማርሹን ይዞ ይቆያል፣ ከዚያ «ቶሎ አይቀይርም» ይባላል። ወደ አዋሽ ወርዳችሁ መኪናው ከተስተካከለ ካምቢዮውን ተዉት። የአየር ፊልትሮና ሻማ እዩ።

ዘይቱ

ግማሹ መልስ ያለው እዚህ ነው። የመለኪያ ዘንግ ያለው መኪና ከሆነ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ነድታችሁ አሙቁት፣ ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ይዛችሁ ፍሬን እንደረገጣችሁ ማስገቢያውን ከፒ እስከ ኤል በየቦታው እያሳረፋችሁ ወስዳችሁ መልሱት። ሞተሩን አታጥፉ። ዘንጉን አውጥታችሁ ጥረጉ፣ መልሳችሁ ክተቱ፣ እንደገና አውጡ። ደረጃው ሆት በሚለው ምልክት ውስጥ መሆን አለበት። ሞተር አጥፍቶ የካምቢዮ ዘይት የሚለካ መካኒክ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀበሉ። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ኮፓ ስለሚመለስ ልኬቱ ውሸት ነው።

ባለ 5 ማርሹ ኤ750ኤፍ ያለበት እንደ 120 ፕራዶ ያለ መኪና ደግሞ ብዙ ጊዜ ዘንግ የለውም። የሚለካው ከስር ባለው የትርፍ መፍሰሻ ብሎን ነው፦ ሞተሩ እየሰራ፣ የዘይቱ ሙቀት ከ46 እስከ 56 ዲግሪ ሲሆን ብሎኑ ተፈትቶ በቀጭኑ መንጠባጠብ አለበት። ምንም ካልወጣ ጎድሏል፤ በኃይል ከፈሰሰ በዝቷል። ሙቀቱ በስካነር ወይም በመኪናው ማኑዋል በተጻፈው መንገድ ይታወቃል፤ «በእጄ ነክቼ አውቀዋለሁ» የሚባል ነገር የለም።

ዘይቱን ነጭ ወረቀት ላይ ጠብታ አድርጉት። ቀይ ወይም ትንሽ ቡናማ ከሆነ ጤነኛ ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ውስጥ ያሉት ፍሪሲዮኖች (ማርሹን የሚይዙት ዲስኮች) ተበልተዋል፣ ወይም ካምቢዮው አንድ ቀን ክፉኛ ግሏል። ሮዝ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አትንዱት። ፍሪሲዮን ዲስኮቹ ላይ የተለጠፈው ከወረቀት የሚመሳሰል ነገር ነው፣ ውሃ ሲነካው ይላቀቃል።

ውሃው ከየት መጣ? ሁለት መንገድ አለው። የካምቢዮ ዘይት የሚቀዘቅዘው ብዙ ጊዜ በራዲያተሩ ውስጥ ባለ ቱቦ ነው፤ ያ ቱቦ ሲበሳ የራዲያተር ውሃና ዘይት ይቀላቀላሉ። የራዲያተሩን መጠባበቂያ ዕቃ ክፈቱ፣ ቅባት ተንሳፍፎ ካያችሁ ጥፋቱ እዚያ ነው። አሜሪካ ያላችሁ በተለይ ከ2005 እስከ 2010 የወጣ ኒሳን ፓዝፋይንደር ከያዛችሁ ይሄን ሳይመጣባችሁ እዩት፣ መኪናው የታወቀበት በሽታ ነው። የራዲያተሩ ውሃ ንጹህ ሆኖ በቅርቡ ወንዝ ከተሻገራችሁ ግን የመተንፈሻ ቱቦውን ተከታተሉ። ግሎ የነበረ ካምቢዮ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ መተንፈሻው ከተቀደደ ወይም ከወለቀ ወንዙን በዚያ ይስባል። መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፦ ዘይቱ ሲግል መውጫ ያጣና በፓራኦሊዮ (በዘይት ማገጃው ጎማ) ወይም በመለኪያው ቀዳዳ ይተፋል። ቱቦው እስከ ሞተር ክፍሉ ላይኛው ጫፍ መድረስ አለበት፣ ካላደረሰ አስረዝሙት።

እግረ መንገዳችሁን ከስር ግቡና ኮፓውን እዩ። ድንጋይ መቶት ወደ ውስጥ ከተጎረበጠ ውስጥ ያለውን ፊልትሮ ይጫነዋል፤ ፖምፓው ዘይት መሳብ ያቅተዋል። ሜዳ ላይ ደህና ሄዶ ዳገት ላይ የሚንሸራተት መኪና እንዲህ ያለ ኮፓ ካለው ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም።

የምትጨምሩት ዘይት ዓይነት የግድ ትክክለኛው ይሁን። የድሮዎቹ ዴክስሮን ይወስዳሉ፣ ቀጥለው የመጡት ታይፕ ቲ-4፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ደብሊውኤስ። የእናንተ የትኛው እንደሆነ የመለኪያ ዘንጉ ላይ ወይም ብሎኑ አጠገብ ተጽፏል። ቲ-4ንና ደብሊውኤስን አትቀላቅሉ። «ሁሉም ቀይ ነው» የሚለው የሻጭ ወሬ ነው።

ኤሌክትሪኩ

ባትሪውን ለኩ። ሞተሩ ሲሰራ ከ13.5 ቮልት በታች ከሆነ መጀመሪያ ዲናሞውን አስተካክሉ፤ ኮምፒውተሩ ሲራብ የማይገቡ ትዕዛዞች ይሰጣል።

ኦ/ዲ ኦፍ (ኦቨርድራይቭ፣ ማለትም 4ኛ ማርሽ፣ ተዘግቷል) የሚለው መብራት እየሄዳችሁ ራሱ ብልጭ ድርግም ካለ ካምቢዮው ኮድ መዝግቧል ማለት ነው። አዲሶቹ ላይ ስካነር ሰክታችሁ ታነባላችሁ። በድሮዎቹ፣ ለምሳሌ በ90 ፕራዶ አንዳንዶቹ ላይ፣ ሞተር ክፍሉ ውስጥ ባለው የምርመራ ሳጥን ቲኢ1ን ከኢ1 ጋር በሽቦ አገናኝታችሁ፣ የኦ/ዲ ቁልፉን ኦን አድርጋችሁ፣ ብልጭታውን ትቆጥራላችሁ። 62 እና 63 የማርሽ መቀየሪያ ሶሌኖይዶች (በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ የዘይት ቫልቮች) ናቸው፣ 64 የሎክ አፑ (ቶርክ ኮንቨርተሩን ቆልፎ የሚይዘው)፣ 42 እና 61 የፍጥነት ሴንሰሮች። ኮዱ የሚነግራችሁ መስመሩ ተበላሽቷል ብሎ ነው፤ ሶሌኖይዱ ራሱ ነው ማለት አይደለም። ከጭቃ ጉዞ በኋላ ሶኬት ውስጥ የገባ ውሃም ያንኑ ኮድ ያመጣል። ነቅላችሁ አድርቁት።

ካምቢዮው ጎን ላይ ያለችውን የማርሽ ቦታ ስዊችም አትርሱ። ጭቃና ውሃ በቀጥታ ያገኛታል። ዲ አስገብታችሁ ዳሽቦርዱ ላይ ምንም ካልበራ፣ ወይም ሁለት መብራት አንድ ላይ ከበራ፣ ወይም መኪናው ፒ ላይ አልነሳ ብሎ ኤን ላይ ከተነሳ፣ እሷን ጠርጥሩ። ከካምቢዮ ጥገና ጋር ሲነጻጸር ዋጋዋ ምንም ነው።

በኤሌክትሪክ በሚታዘዙት ባለ 4 ማርሾቹ፣ በኤ340 እና ኤ343፣ አንድ ቆንጆ ሙከራ አለ። የሶሌኖይዶቹን ሶኬት ንቀሉና በእጅ እየቀየራችሁ ንዱ። ኤል ላይ 1ኛ፣ 2 ላይ 3ኛ፣ ዲ ላይ 4ኛ ማርሽ መስጠት አለበት። በትክክል ከሰጠ ብረቱና ፍሪሲዮኑ ደህና ናቸው፣ ጥፋቱ ሽቦ ወይም ኮምፒውተር ጋ ነው። እንዲህም ሆኖ ከተንሸራተተ ችግሩ ውስጥ ነው። ይሄን ሙከራ ሳያደርግ «ይውረድ» የሚል መካኒክ ገንዘባችሁን እየገመተ ነው።

መንገድ ላይ

ሲሞቅ ጀምሩ። የእጅ ፍሬን ይዛችሁ፣ ፍሬን ረግጣችሁ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እያለ ከኤን ወደ ዲ አስገቡ። ካስገባችሁበት እስኪይዝ ድረስ ያለው ጊዜ ከ1.2 ሰከንድ መብለጥ የለበትም፤ ከኤን ወደ አር ከ1.5። በሁለቱም ከዘገየ የዘይት ግፊት አንሷል፣ ፊልትሮና ፖምፓ። በአንዱ ብቻ ከዘገየ የዚያ አቅጣጫ ፍሪሲዮን ደክሟል።

ቀጥሎ የስቶል ሙከራ አለ፣ በጥንቃቄ። አራቱም ጎማ ላይ ታኮ አድርጉ፣ ከፊት ሰው አይኑር። ሁለቱንም ፍሬን ይዛችሁ ዲ ላይ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ አርፒኤሙ የት እንደቆመ አንብቡና ልቀቁ። ከ5 ሰከንድ አይለፍ፣ ከመድገማችሁ በፊት ቢያንስ አንድ ደቂቃ ኤን ላይ ይቀዝቅዝ። ቁጥሩን ከመኪናችሁ ማኑዋል ጋር አወዳድሩ። ከተጻፈው በጣም ከበለጠ ፍሪሲዮን ይንሸራተታል። በጣም ካነሰ ወይ ሞተሩ ደክሟል ወይ ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት ለካምቢዮው የሚያስተላልፈው)። ማኑዋሉ ግን ለደጋ አልተጻፈም፤ አዲስ አበባ ላይ ትንሽ ቢያንስ አትደንግጡ።

ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ባለው ፍጥነት፣ በቀስታ ስትረግጡ፣ መኪናው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ፍሬኑን በግራ እግራችሁ ትንሽ ንኩ። ወዲያው ከጠፋ የኮንቨርተሩ ሎክ አፕ ነው፣ ፍሬን ሲነካ ስለሚለቅ። ብዙ ጊዜ ትክክለኛ ዘይት ሲቀየርለት ይሻለዋል። ካልጠፋ ሻማ፣ ጎማ፣ ወይም ያ ረጅም ዘንግ።

ጠዋት ጥሩ ሆኖ ሲሞቅ የሚንሸራተት ካምቢዮ ማኅተሞቹ ጠንክረዋል። እንዲህ ያለውን መኪና ይዛችሁ ዳሎል አትውረዱ። አሸዋ ላይ ኮንቨርተሩ ያለ ማቋረጥ ይንሸራተታል፣ ያ ሁሉ ሙቀት ዘይቱ ውስጥ ይገባል። አሸዋ ውስጥ ኤል 4 አስገቡ፤ ብዙ ሰው «ለከባድ ጊዜ ነው» ብሎ ይቆጥበዋል፣ ነገር ግን ካምቢዮውን የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው። አባይ በረሃን ወደ ደጀን ስትወጡ ደግሞ በ3 እና በ4 መካከል የሚዋልል ከሆነ ኦ/ዲውን አጥፉ። የኤ/ቲ ኦይል ቴምፕ መብራት ከበራ ቁሙ፣ ፒ አስገቡ፣ ሞተሩን ግን አታጥፉ፤ ዘይቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚገፋው ፖምፓ በሞተሩ ነው የሚዞረው።

ኮፓው ሲከፈት

እዚህ ከደረሳችሁ አጠገቡ ቁሙ። ኮፓው ውስጥ ማግኔቶች አሉ፤ ግራጫ ለስላሳ ጭቃ ከያዙ ዕድሜ ነው፣ ጥረጉት። በጣት የሚያዝ የብረት ስባሪ ካለ ኩሽኔታ ወይም ማርሽ ተሰብሯል። ቢጫ ብናኝ ካለ የነሐስ ቡሽ ነው። ጥቁር ቅርፊት በብዛት ካለ ፍሪሲዮኖቹ አልቀዋል፤ አሁን «ይውረድ» ቢባል ትክክል ነው።

ለመጠገን የሚያስፈልገው ካልተገኘ ወይም ዋጋው ካልተዋጠላችሁ ያገለገለ ካምቢዮ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል፣ ብዙው ከዱባይና ከሻርጃ የመጣ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት መኪናው ላይ የተለጠፈችውን የብረት ሰሌዳ ፎቶ አንሱ፣ የካምቢዮው ኮድ እዚያ ላይ አለ። ኮዱ ተመሳሳይ ሆኖም የቤንዚኑና የናፍጣው ሊለያይ ስለሚችል የሞተሩን ኮድም ያዙ። ዘይት ያልቀረበትን ደረቅ ካምቢዮ አትግዙ፣ የሚታይና የሚሸተት ነገር የለውም። ከመገጠሙ በፊት ደግሞ የማቀዝቀዣ ቱቦዎቹ ይታጠቡ። የድሮው ውሃ ገብቶበት ከነበረ ራዲያተሩም ይቀየር፤ አለበለዚያ አዲሱ ካምቢዮ በዚያው ራዲያተር ይበላሻል።