ድመትን ክኒን እንዴት ማስዋጥ እንደሚቻል

ባሕር ዳር ውስጥ ዓሣ አጥማጆች ታንኳቸውን አስጠግተው ቆሮሶና አምባዛ በሚበልቱበት የጣና ዳርቻ ድመቶች ይሰበሰባሉ፤ በተሰበሰቡበትም ይጣላሉ። ውሮ የምትባለው ድመቴ ከዚያ ተነክሳ፣ አንገቷ ሥር መግል ቋጥራ በመጣች ጊዜ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክሲሳይክሊን የተባለውን የፀረ ባክቴሪያ ክኒን ለ10 ቀን አዘዘላት። ከዚህ በታች የምጽፈው ያን ጊዜ ባለማወቄ ያደረስሁባት ጉዳት በሌላ ድመት ላይ እንዳይደርስ ነው።

በመጀመሪያ ክብደቷን ይወቁ፤ ድመቷን ታቅፈው ሚዛን ላይ ይውጡ፣ ከዚያም የራስዎን ክብደት ይቀንሱ። መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ቤት ውስጥ የተገኘ የሰው መድኃኒት ፈጽሞ አይስጡ፤ የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን የማስወገድ አቅሙ እጅግ ደካማ በመሆኑ አንዲት ክኒን ብቻ ልትገድላት ትችላለች። ለበግ የተገዛ የትል መድኃኒት ቆርሶ መስጠትም እንዲሁ አደገኛ ነው።

ቀጥሎ ድመቷን አንገቷ ብቻ እስኪቀር ድረስ በወፍራም ፎጣ ጠቅልለው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጧት። ነጠላ ስስ ስለሆነ ጥፍር ያሳልፋል፤ የጋቢ ክር ደግሞ ጥፍሯን እየያዘ ይበልጥ ያስደነግጣታል። ምናልባት ነክሳ ቆዳዎን ከበሳችው ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል አጥበው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታን ድመትም ታስተላልፋለችና።

አሁን አንድ መዳፍዎን ከአናቷ በላይ አሳርፈው በአውራ ጣትዎና በመሐል ጣትዎ ከክራንቻዎቿ ኋላ ያለውን የአፏን ማዕዘን ይያዙ፤ አፍንጫዋ ወደ ጣሪያ እንዲያይ ቀና ሲያደርጓት የታች መንጋጋዋ ራሱ ይላላል። በሌላው እጅዎ የታች የፊት ጥርሶቿን በቀስታ ወደ ታች እየገፉ ክኒኑን በምላሷ ላይ፣ ወደ ጉሮሮዋ በቀረበው የኋላ ክፍል፣ መሐል ላይ ይጣሉት። ወደ ፊት ከቀረ ትተፋዋለች። ከዚያ አፏን ዘግተው ጉሮሮዋን ከላይ ወደ ታች ይዳብሱ፤ አፍንጫዋን ከላሰች ዋጠች ማለት ነው።

እኔ ሥራው እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ስሕተቴም ይኸው ነው። ድመት የዋጠችው ደረቅ ክኒን ብዙ ጊዜ ወዲያው ሆድ አይደርስም፤ በምግብ ቧንቧዋ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ደቂቃዎችን ሊቆይ ይችላል። ዶክሲሳይክሊን ደግሞ እየሟሟ በቆየበት ቦታ የቧንቧውን ሥጋ ያቃጥላል፤ ክሊንዳማይሲን የተባለው ሌላ ፀረ ባክቴሪያም ይህንኑ ጉዳት ያደርሳል። ውሮ መድኃኒቷን በጨረሰች በሳምንቷ የበላችውን ሁሉ ሳይፈጭ መልሳ ትተፋ ጀመር። ሐኪሙ ቧንቧዋ መቁሰሉንና ጠባሳ ማበጀቱን ነገረኝ፤ ጠባሳው ስላጠበበው እስከ ዛሬ ድረስ የምትበላው በውሃ የራሰና የላመ ምግብ ብቻ ነው። የአንገቷ ቁስል ድኖ ሳለ የፈወሳት ክኒን ይህን ያህል ጉዳት ማድረሱ ዛሬም ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ከክኒኑ ቀጥሎ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ መስጠት ግዴታ ነው። ይህም መርፌው በተነቀለለት ሲሪንጅ ይሰጣል፤ ጫፉን ከክራንቻዋ ኋላ፣ በጉንጯና በጥርሷ መካከል አስገብተው በጥቂት በጥቂቱ ያንጠባጥቡ፤ በየመሐሉም እስክትውጥ ይታገሡ። ጭንቅላቷ በዚህ ጊዜ ቀና ማለት የለበትም፤ አንጋጥጣ በችኮላ ከተሰጣት ውሃው ወደ ሳንባዋ ይገባል። ፈሳሽ መድኃኒትም በዚሁ መንገድ ይሰጣል። በማንኪያ መስጠትን አልደግፍም፤ ግማሹ በአንገቷ ላይ ስለሚፈስ ስንት እንደዋጠች ማወቅ አይቻልም።

መራራነቱን ቀምሳ አረፋ ብትደፍቅ አይደንግጡ፤ ብዙውን ጊዜ የምሬቱ እንጂ የመመረዝ ምልክት አይደለም። ክኒኑን ፈጭቶ ወተት ውስጥ መበጥበጥ የተለመደ ቢሆንም አልመክረውም፤ መራራውን ዱቄት የቀመሰች ድመት ወተቱን ትታ ትሄዳለች፤ ወተት እንደ ዶክሲሳይክሊን ያሉ የቴትራሳይክሊን ወገን የሆኑ መድኃኒቶችን ኃይልም ይቀንሳል።

ውሃውን ከጠጣች በኋላ ከፎጣው ፈትተው እሾሁ የተለቀመለት የተቀቀለ የቆሮሶ ሥጋ ያቅርቡላት፤ ምግቡ የቀረውን ክኒን ወደ ሆዷ ይገፋዋል፣ በማግሥቱም ፎጣውን አይታ አልጋ ሥር እንዳትደበቅ ይረዳል። ከወጥ ድስት የወጣ ዓሣ ግን አይሆንም፤ ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳል።