የድረገፅ ሜኑ እንዴት ይሰራል? ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት ፀሐፊዋን ጠይቁ

አንዴ ለአንድ የግል ትምህርት ቤት ድረገፅ ስሰራ (ስሙን አልጠራም) ባለቤቱ ሜኑ ላይ (ተነክተው ወደየገፁ የሚወስዱት ስሞች ዝርዝር ማለት ነው) እንዲገባ የሚፈልጉትን በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ፤ ስለ እኛ፣ ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች፣ የዳይሬክተሩ መልዕክት፣ መዋቅር፣ ዜና፣ ፎቶ ጋለሪ ምናምን እያለ 14 ደረሰ። እሺ ብዬ ሁሉንም ደረደርኩት፣ ያው ገንዘቡንም ስለምፈልገው። ድረገፁ ከተለቀቀ በኋላ የቢሮው ስልክ እንደድሮው መጮሁን አላቆመም፣ ወላጅ ሁሉ የሚደውለው "ክፍያ ስንት ነው?" ለማለት ነው። ክፍያው እኮ ድረገፁ ላይ አለ! ግን "አካዳሚክ" የሚለው ውስጥ "ደንብና መመሪያ" ስር ነው ያስቀመጥኩት፣ እዛ ገብቶ ማን ይፈልገዋል? ጥፋቱ የኔ ነው። ሁለተኛ ዙር እንዴት እንደሰራሁት በየተራ ልንገራችሁ፣ የናንተ ድረገፅ ክሊኒክም ይሁን የፈርኒቸር ሱቅ አካሄዱ ያው ነው።

1. መጀመሪያ ስልክ የሚያነሳው ሰው ጋር ሂዱ

ትምህርት ቤት ከሆነ ፀሐፊዋ፣ ሱቅ ከሆነ ሻጩ፣ ክሊኒክ ከሆነ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ። አንድ ሰዓት አጠገቧ ቁጭ በሉና ሰው ምን እንደሚጠይቅ በራሱ አነጋገር ጻፉ። እኔ የጻፍኩት ይሄን ይመስል ነበር፦ ክፍያ ስንት ነው፣ ምዝገባ መቼ ይጀመራል፣ መልቀቂያና የልደት ካርድ ብቻ ይበቃል ወይ፣ ሰርቪስ በኛ ሰፈር ያልፋል፣ እስከ ስንተኛ ክፍል ታስተምራላችሁ፣ በትክክል የት ጋ ናችሁ። ራዕያችሁ ምንድነው ብሎ የደወለ አንድም ሰው የለም። የቴሌግራም ገፅ ካላቸው እዛ የሚመጡትን ጥያቄዎችም እዩ፣ ድረገፁ ላይ መፈለጊያ ሳጥን ካለ ደግሞ ሰው ምን ብሎ እንደፈለገ የሚመዘግብ ከሆነ ከኋላ፣ በአስተዳዳሪው ገፅ፣ ማየት ይቻላል። ቃሉን ግን እንዳታሳምሩት። ሰውየው "ክፍያ" ካለ ክፍያ ነው፣ "የፋይናንስ መረጃ" ብላችሁ ብትለውጡት አይቶት ያልፈዋል።

2. ወረቀት ቆርጣችሁ ሰው አስመድቡ

ካርድ ሶርቲንግ የሚባለው ነው፣ ስሙ ያስፈራል እንጂ ስራው የልጅ ጨዋታ ነው። ድረገፁ ላይ የሚኖረውን እያንዳንዱን ነገር በትንንሽ ወረቀት ጻፉና ለአምስት ስድስት ሰው ስጡ፣ "አብረው መሆን አለባቸው የምትሉትን አንድ ላይ አድርጉ፣ ከዛ ለክምሩ ስም አውጡለት" በሏቸው። ከዛ ዝም በሉ። ከባዱ ዝምታው ነው፣ "ይሄ የት ይግባ?" ሲሏችሁ አፋችሁን ይበላችኋል፣ ግን "እንደመሰለሽ አድርጊው" ብቻ። የሚያመነቱበትን ወረቀት ምልክት አድርጉ፣ ችግር ያለው እዛ ነው። እኔ ሰርቪስን "አገልግሎቶች" ስር ነበር ያሰብኩት፣ አብዛኞቹ ግን ከክፍያ ጋር አስቀመጡት፣ ለወላጅ ሰርቪስ ማለት በየወሩ የሚወጣ ብር ነዋ!

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል፣ "ሜኑ ከ7 መብለጥ የለበትም" የሚባል ነገር ሰምታችሁ ይሆናል። ቁጥሩ የመጣው ጆርጅ ሚለር የሚባል የሥነ ልቦና ሰው በ1956 (እ.ኤ.አ.) ካሳተመው ጽሑፍ ነው፣ እሱ የጻፈው ግን ሰው ለአፍታ በቃሉ ስለሚይዘው ነገር ነው፣ ሜኑ ደግሞ ዓይን ፊት ተደርድሮ የሚነበብ እንጂ የሚሸመደድ አይደለም። ስለዚህ 7 ህግ አይደለም። እኔ አምስት ወይ ስድስት ላይ የማቆመው በሌላ ምክንያት ነው፣ የአማርኛ ቃል ረጅም ስለሆነ ከዛ በላይ አንድ መስመር ላይ አይገባም።

3. ስምና ቅደም ተከተል

የመጨረሻው የኛ ሜኑ ይሄ ነበር፦ ምዝገባ፣ ክፍያና ሰርቪስ፣ ትምህርት፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ አድራሻ። በቃ። ሰው ዓይኑ የሚያርፈው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ስለሆነ በጣም የሚፈለገውን ፊት አድርጉ፣ አድራሻ ደግሞ ሰው መጨረሻ ላይ መፈለግ ስለለመደ እዛው ይቆይ። "አገልግሎቶች" የሚለውን ቃል ብትችሉ ተዉት፣ ጉድጓድ ነው፣ ያልተመቸን ነገር ሁሉ እዛ ይወረወራል።

ባለቤቱን ማሳመን ግን ከዲዛይኑ በላይ ጊዜ ወሰደ። "አንተ ልጅ፣ ራዕይ የሌለው ትምህርት ቤት አለ እንዴ?" አሉኝ። "ጋሼ አላጠፋሁትም፣ ስለ ትምህርት ቤቱ የሚለው ውስጥ ነው ያለው" አልኳቸው፣ አልተዋጠላቸውም። መጨረሻ ላይ ፀሐፊዋን ጠርቼ ዛሬ ስንት ሰው ስለ ክፍያ እንደደወለ ንገሪያቸው አልኳት፣ ነገረቻቸው፣ ዝም አሉ።

4. ዲዛይን ሳይኖር ፈትኑት

ስሞቹን ብቻ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አዲስ ሰው ያዙና "ልጅሽን 3ኛ ክፍል ማስመዝገብ ፈለግሽ እንበል፣ የቱን ትነኪያለሽ?" በሏት። ሶስት አራት እንዲህ ያለ ጥያቄ ይበቃል። ሁለት ሰው ተመሳሳይ ቦታ ከተሳሳተ ሰዎቹ ሳይሆኑ ስሙ ነው የተሳሳተው፣ ለውጡት። ወረቀት ላይ መለወጥ ነፃ ነው፣ ኮድ ከተጻፈ በኋላ ግን ታውቁታላችሁ።

5. ሞባይሉን ቀድማችሁ ስሩ

ሦስቷ መስመር፣ ስትነካ ሜኑውን የምትከፍተው፣ ሃምበርገር የምንላት፣ አዲስ ነገር እንዳትመስላችሁ፣ ኖርም ኮክስ የሚባል ዲዛይነር ዜሮክስ ስታር ለሚባለው ኮምፒውተር የሳላት ናት፣ ኮምፒውተሩ የወጣው በ1981 (እ.ኤ.አ.) ነው። ወጣቱ ያውቃታል፣ አያት ልጅ ለማስመዝገብ ሲገቡ ግን ጌጥ ነው የምትመስላቸው፣ ስለዚህ አጠገቧ "ሜኑ" ብላችሁ ጻፉ። ከተቻለ ደግሞ ሁለቱን ዋና ነገሮች፣ ምዝገባና ክፍያን፣ ከመስመሯ ውጪ በግልፅ አውጧቸው፣ የተደበቀ ነገር ይረሳል።

ሜኑው ላይ ያለው እያንዳንዱ ስም በጣት እንደሚነካ አስቡ፣ የሚነካው ቦታ ሰፋ ይበል። ደብሊው ሲ ኤ ጂ የሚባለው የተደራሽነት መመሪያ 2.2ኛው እትም ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል ይላል፣ አፕል 44፣ ጉግል 48 ይመክራሉ፣ በየራሳቸው መለኪያ ቢሆንም ከፒክስሉ ጋር ይቀራረባል። 48ቱን ያዙ፣ ታክሲ ውስጥ ቆሞ ለሚነካ ሰው 24 አይበቃም።

ሌላው ሰው የማያስበው ነገር፣ ብዙ ሰው በሆም ፔጅ አይገባም፣ ቴሌግራም ላይ የተላከለትን ሊንክ ነክቶ በቀጥታ መሀል ገፅ ላይ ነው የሚወድቀው። የት እንዳለ የሚነግረው ሜኑው ብቻ ነው። ያለበትን ገፅ ስም በቀለም ብቻ ሳይሆን ከስሩ በመስመርም ለዩት፣ ቀለም የማይለይ ሰው አለ፣ ፀሐይ ላይ የቆመም አለ። ደግሞ ቴሌግራም በራሱ ብራውዘር ሲከፍተው ላይኛውን ቦታ ስለሚወስድ አብሮ የሚንሸራተት ወፍራም ሜኑ ካደረጋችሁ ለጽሑፉ የሚቀረው ቦታ ጠባብ ነው፣ ቀጭን አድርጉት።

6. ፊደሉ

የሚገዙት ቴምፕሌቶች፣ ማለትም አስቀድመው የተሰሩ ዲዛይኖች፣ ለላቲን ፊደል የተሰሩ ናቸው፣ እኛ ጋ ሲመጡ ይሰበራሉ። ሁሉን በትልቁ ፊደል አድርግ የሚለው ትዕዛዝ ለግዕዝ ፊደል ምንም አይሰራም፣ ትልቅና ትንሽ የለንማ፣ አብሮት የሚመጣው የፊደል ክፍተት ግን ይሰራል፣ ቃሉን ይበታትነዋል፣ አጥፉት። መጠኑ 14 ፒክስል ከሆነ ጨ እና ጬ፣ ዠ እና ዥ ዓይን ላይ ይምታታሉ፣ ከ16 እስከ 18 ይሻላል። ፎንት ስትመርጡ ደማቁ (ቦልድ) ራሱን ችሎ የተሰራለትን ውሰዱ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ለምሳሌ አለው፣ ከሌለው ብራውዘሩ በግድ ያወፍረውና ፊደሉ ውስጥ ያለው ቀዳዳ ይደፈናል። እና እባካችሁ ዲዛይኑን በእንግሊዝኛ ሰርታችሁ በኋላ አትተርጉሙ፣ "ብዙ ጊዜ የሚጠየቁ ጥያቄዎች" የሚለውን FAQ ለሚሉት ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል በተሰፋ ቦታ ላይ ማስገባት አይቻልም።

ቋንቋ መቀየሪያ ካለ እያንዳንዱን ቋንቋ በራሱ ስምና በራሱ ፊደል ጻፉት። ባንዲራ አታድርጉ፣ የኢትዮጵያ ባንዲራ አማርኛ ነው ኦሮምኛ ነው ትግርኛ? ሰውየው ክፍያ ላይ ሆኖ ቋንቋ ሲቀይርም እዛው ክፍያ ላይ ይቆይ፣ ወደ መጀመሪያው ገፅ አትመልሱት፣ ያናድዳል።

7. ድሮፕዳውን

ከአንድ ስም ስር ሌላ ዝርዝር የሚወርድበት ሜኑ ነው፣ ባይኖር ይመረጣል። የግድ ከሆነ አንድ ደረጃ ብቻ፣ ሲነካ የሚከፈት እንጂ ማውስ ሲያልፍበት ብቻ የሚከፈት አይሁን፣ ስልክ ላይ ማውስ የለም፣ ኮምፒውተር ላይም ማውሱን ወደ ታች በሰያፍ ስትወስዱት ድንገት ይዘጋል። ኮድ ለሚጽፈው ልጅ ደግሞ ሜኑው ናቭ በሚባለው ታግ ውስጥ እንዲሆን፣ በኪቦርድ ታብ መዳረስ እንዲቻል፣ ኢስኬፕ ሲጫኑ እንዲዘጋ ንገሩት፣ ዓይነ ስውራን በስክሪን ሪደር፣ ገፁን በድምፅ በሚያነብላቸው ፕሮግራም፣ የሚያልፉት በዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ክረምት ላይ ምዝገባ ሲደርስ ባለቤቱ "ሜኑውን ለጊዜው ቀይረው" ብለው ነበር፣ እምቢ አልኩ። ሰው ቦታውን ከለመደ አታንቀሳቅሱበት፣ ማስታወቂያ ከሆነ ሆም ፔጁ ላይ ይለጠፍ።

ከተለቀቀ ሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ ፀሐፊዋ ጋር ሂዱ። እኔ ስሄድ የክፍያ ስልኩ ቀንሷል፣ "አሁን ደግሞ ዩኒፎርም ከየት ነው የሚገዛው ነው የሚሉኝ" አለች፣ ምዝገባ ገፅ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ።