በደሴና በኮምቦልቻ የኤሮስፔስ ክበብ ስናካሂድ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ የአውሮፕላንን ክፉውንም ደጉንም ያየች ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ አየር ማረፊያው እዚያው ጎኗ ነው። እዚህ አካባቢ የኤሮስፔስ (የበረራና የጠፈር) ክበብ የሚያቋቁም መምህር ወይም በጎ ፈቃደኛ ልጆችን የሚያስደንቅ ነገር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ያም ሆኖ በዝግጅቶቻችን ላይ እየተመላለሱ የሚታዩ ስህተቶች አሉ። አንዳንዶቹ ጊዜ ያባክናሉ፣ አንዳንዶቹ ልጆችን ሐሰት ያስተምራሉ፣ አንድ ሁለቱ ደግሞ ዓይን ያጠፋሉ። የብዙዎቹ ሥር አንድ ይመስለኛል፦ ልጁ ከራሱ በላይ የተዘረጋውን ሰማይ ትተን የሌላ አገር ሰማይ ስናሳየው እንውላለን።

ታሪኩን በራይት ወንድማማቾች ጀምሮ እዚያው መጨረስ

ኦርቪል ራይት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 17 ቀን 1903 ለ12 ሰከንድ መብረሩን መናገር ትክክል ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ ከዚያ ወደ ጨረቃ ጉዞ ዘለን ኢትዮጵያ ሳትነሳ ሰዓቱ ማለቁ ነው። የራይትን በረራም ቢሆን በቃል ብቻ አትንገሯቸው። የመጀመሪያው በረራ የሸፈነው ርቀት 36 ሜትር ተኩል ገደማ ነበር። በዚህ ልክ ገመድ ቆርጣችሁ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ዘርጉት፣ ልጆቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሩጡበት። ከጎኑ 33 ሜትር የሚጠጋ ሌላ ገመድ ዘርጉ፤ ይህ በአገር ውስጥ በረራ የምናየው ዳሽ 8 ኪው 400 አውሮፕላን ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ያለው ርዝመት ነው። ሦስተኛው ገመድ 60 ሜትር ይሁን፤ ይህ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው የቦይንግ 787 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው። የመጀመሪያው በረራ በአንድ ክንፍ ውስጥ ተጀምሮ ሊያልቅ እንደሚችል ልጁ በእግሩ ሮጦ ያረጋግጣል።

ከዚያ ወደ አገራችን ግቡ። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ «ንሥረ ተፈሪ» የተባለችውን ፖቴዝ 25 አውሮፕላን ከጅቡቲ አብርሮ አዲስ አበባ አሳረፈ። በ1923 ዓ.ም. መጀመሪያ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ አብራሪነታቸውን በፈተና አስመሰከሩ። ሙሉእመቤት እምሩ አውሮፕላን ያበረረችው ከጣሊያን ወረራ በፊት ነው። አምሳለ ጓሉ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን የሆነችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። የእነዚህን ሁለት ሴቶች ስም ሳይጠሩ ዝግጅት መዝጋት ራሱን የቻለ ስህተት ነው፤ ከተቀመጡት ልጆች ግማሾቹ ሴቶች ናቸው።

የደሴን ድብደባ መዝለል፣ ወይም እንደ ፊልም ማሳየት

በደሴ ሊነገር የሚገባው ትልቁ የአቪዬሽን ታሪክ አሳዛኝ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ጦሩን ከቅርብ ለመምራት ከቀናት በፊት ደሴ ገብተው ነበር። ከተመቱት ቦታዎች አንዱ አሜሪካውያን አድቬንቲስቶች ያስተዳድሩት የነበረው ሆስፒታል ነው፤ የቀይ መስቀል ምልክት አላዳነውም። የውጭ ጋዜጠኞች እዚያው ስለነበሩ ወሬው ወዲያው ዓለምን አዳረሰ። የእኛ አውሮፕላኖች በዚያን ጊዜ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ አብዛኞቹም መሣሪያ አልታጠቁም።

ይህን የሚዘሉ አዘጋጆች አሉ፤ «ልጆችን አናስጨንቅ» ይላሉ። አሳባቸው ቢገባኝም አልስማማም። የደሴ ልጅ ይህን ታሪክ ከትምህርት ቤቱ ካልሰማ፣ ከማኅበራዊ ሚዲያ የተዛባውን ይሰማል። በአንጻሩ ታሪኩን ያውም በፍንዳታ ድምፅና በቃጠሎ ምስል አጅበው የሚያቀርቡም አሉ። ይህ የባሰ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነት ያለፈባቸው ከተሞች ናቸው። ክፍል ውስጥ ከተቀመጡት አንዱ የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ምን እንደሚያስታውስ አታውቁም። ስለዚህ የድምፅ ማጀቢያውን ተዉት፣ ለመምህሩ አስቀድማችሁ ንገሩ፣ መውጣት የሚፈልግ ልጅ ያለ ጥያቄ ይውጣ። ካርታ አሳዩ፣ ቀኑን ተናገሩ፣ በሆስፒታል ላይ ቦምብ መጣል ለምን በሕግ እንደተከለከለ አወያዩ። ይበቃል።

ታሪኩ እዚያ እንዳይቆምም ተጠንቀቁ። ሚያዝያ 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከኢትዮጵያውያን አርበኞች ጋር ሆኖ በኮምቦልቻ በኩል ያለውን የጣሊያን ምሽግ ሰብሮ ሚያዝያ 18 ቀን ደሴ ገባ። በ1977ቱ ድርቅ ደግሞ ሄርኩሊስ የተባሉ የእንግሊዝ አየር ኃይል የጭነት አውሮፕላኖች በሰሜኑ የአገራችን ክፍል እህል ከዝቅታ እየበረሩ ይጥሉ ነበር። አንድ ዓይነት ማሽን ቦምብም እህልም ይጥላል፤ ይህን ልጆቹ ራሳቸው ይወያዩበት።

የ1977ቱን በዓይናቸው ያዩ አባቶችና እናቶች ዛሬም በየሰፈሩ አሉ። ልጆች ሄደው ሲጠይቋቸው «ሄርኩሊስ አይተዋል አይደል፣ አባባ?» ብለው መልሱን አብረው እንዳይሰጡ አሠልጥኗቸው። «አባባ፣ ያኔ በሰማይ ምን ያዩ ነበር?» ይበሉ። ከዚያ ዝም ብለው ይስሙ። በስልክ ሲቀዱ በመጀመሪያ ፈቃድ ይጠይቁ፣ ቀኑንና ቦታውን በድምፅ ይናገሩ፣ ቅጂውንም ለቤተሰቡ ይስጡ።

ዘመን ማምታታት

ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ግድግዳ ላይ ከምንለጥፋቸው ጽሑፎች ብዙውን የሚያበላሸው ይኸው ነው። «ሰባት ቀንስ» ብቻ የሚያውቅ ሰው ይሳሳታል። አየር መንገዱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 1945 ነው፤ የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 1946 ነው። በፈረንጅ ሁለት ዓመት ነው፣ በእኛ ግን ታኅሣሥ 12 እና መጋቢት 30፣ ሁለቱም 1938 ዓ.ም. ናቸው። ከእኛ መስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ (በእኛ ታኅሣሥ 22 ገደማ) ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ይቀነሳል።

የደሴው ድብደባ ቀንም ያሳስታል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 6 አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር 27 ላይ ይውላል። ነገር ግን 1927 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ስለነበረች የ1928 ዓመት በአንድ ቀን ዘግይቶ ገባ፤ ስለዚህ ያ ቀን ኅዳር 26 ሆነ። «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» ሳይጻፍበት ምንም ቁጥር ግድግዳ ላይ አይውጣ።

ጀግኖቻችንን ማጋነንና ማደባለቅ

«ፀሐይ» አውሮፕላን ጥር 2016 ዓ.ም. ከጣሊያን ከተመለሰች ወዲህ ልጆች ስለ እሷ ደጋግመው ይጠይቃሉ፤ ደስ ይላል። «ኢትዮጵያውያን ብቻቸውን የሠሯት» ብሎ መመለስ ግን ሐሰት ነው። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሠራት ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆኖ ነው፤ ስሟም የልዕልት ፀሐይ ነው። እውነቱ ራሱ በቂ ኩራት ነው፤ በወረራ ዋዜማ በራሷ መዲና አውሮፕላን የተሠራባት አገር ነበረችን።

ከአሜሪካ የመጡትን ሁለቱን ጥቁር አብራሪዎች አታደባልቁ። «ጥቁሩ ንሥር» ሁበርት ጁሊያን በ1923ቱ የንግሥ በዓል ዋዜማ ጂፕሲ ሞዝ የተባለውን የንጉሡን አውሮፕላን የከሰከሰው ነው። «ቡናማው ኮንዶር» ጆን ሮቢንሰን በ1927 ዓ.ም. መጥቶ በጦርነቱ ጊዜ የአየር ኃይሉ አዛዥ የሆነው ነው። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። እንዲህ ያለ ሰው ስሙ በትክክል ሊነሣ ይገባል።

የክንፉ የተሳሳተ ማብራሪያ

«ከክንፉ በላይ ያለው አየር ረጅም መንገድ ስላለበት፣ ከታች ካለው ጋር እኩል ለመድረስ ይፈጥናል» የሚለው ማብራሪያ በየመጽሐፉ ተጽፎ ይገኛል፤ ስህተት ነው። ሁለቱ የአየር ክፍሎች እኩል እንዲደርሱ የሚያስገድዳቸው ሕግ የለም፤ ሲለካም ከላይ ያለው ቀድሞ ይደርሳል። ደግሞም አውሮፕላን ተገልብጦ መብረር የሚችለው ለምንድነው ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ይህን ማብራሪያ ባንድ አፍታ ያፈርሰዋል። ክንፍ ወደ ላይ ያዘነብላል፣ የሚያልፈውን አየር ወደ ታች ይመልሳል፣ አየሩም በምላሹ ክንፉን ወደ ላይ ይገፋል። ከላይ ያለው ግፊት ዝቅ፣ ከታች ያለው ከፍ ማለቱ የዚሁ አካል ነው። ቬንቲሌተር ፊት ጠንካራ ካርቶን አስይዟቸው። ቀጥ ሲያደርጉት ምንም የለም፤ ፊቱን ትንሽ ቀና ሲያደርጉት እጃቸው ወደ ላይ ይሄዳል።

ሐረጎን አለመጠቀም

ይህን ሳስብ ይቆጨኛል፤ የትኛውም ላቦራቶሪ የማይሰጠንን ነገር ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል የሚወርደው የሐረጎ መንገድ በየቀኑ ይሰጠናል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ የኮምቦልቻ አየር ማረፊያ 1,860 ሜትር ገደማ ከባሕር ጠለል በላይ ናቸው። ደሴ ላይ ባዶ የውሃ ሃይላንድ ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉ፤ ሚኒባስ ውስጥ አስቀምጡና ሐረጎን ውረዱ። ኮምቦልቻ ሲደርስ ጎኑ ጎድጉዶ ታገኙታላችሁ። ማንም አልጨመቀውም፤ የጨመቀው ቁልቁል ስንወርድ የጨመረው የአየር ግፊት ነው። ክዳኑን ስትከፍቱ አየር ሲገባ «ፍስስ» የሚለውን ድምፅ ልጆቹ በጆሯቸው ይስሙት።

ከዚህ ተነሥታችሁ፣ ኮምቦልቻ ላይ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው አራት አምስተኛው ገደማ መሆኑን ንገሯቸው። ሳስቶ ባለው አየር ክንፉም ሞተሩም ጉልበታቸው ይቀንሳል፤ ስለዚህ አውሮፕላን ለመነሣት ረዘም ያለ ሩጫ ይፈልጋል፤ ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። አየር ማረፊያው ደሴ ሳይሆን ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ለምን እንደተሠራም ልጆቹ ከተራራው ቅርጽ ራሳቸው ይገምታሉ። ዓለም አቀፍ መለያው ግን አሁንም «ዲ ኤስ ኢ» ነው፤ ደሴ ማለት ነው።

የውሃ ሮኬትን እንደ መጫወቻ ማየት

ልጆች እንደ ውሃ ሮኬት የሚወዱት የለም። አደጋውም ያለው እዚህ ነው። የመጀመሪያው ስህተት ሃይላንድ መጠቀም ነው፤ ስስ የውሃ ጠርሙስ ለግፊት አልተሠራም። የጋዝ ለስላሳ የሚሸጥበትን ጠርሙስ ተጠቀሙ፤ የተጫረ፣ የታጠፈ ወይም በእሳት የነካካ ከሆነ ጣሉት። ውሃው ከጠርሙሱ አንድ ሦስተኛ አይብለጥ። የከላማዳሪያ ቫልቭ ከጎሚስታ በቀላሉ ይገኛል፤ መለኪያ ያለው የብስክሌት መንፊያም አብራችሁ ያዙ። ያለ መለኪያ በፍጹም አትንፉ። ለልጆች በመለኪያው 40 ፒ.ኤስ.አይ. (PSI) ይበቃል፤ ከ60 ፒ.ኤስ.አይ. ማሳለፍ ክልክል ይሁን።

ሁለተኛው ስህተት ያልተነሣ ሮኬት ላይ አጎንብሶ ማየት ነው። ሮኬቱ የሚለቀቀው ከአሥር ሜትር በላይ ርቀት ላይ ቆሞ ገመድ በመሳብ ይሁን፤ እምቢ ካለ በመጀመሪያ አየሩ ከመንፊያው በኩል ይውጣ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ትልቅ ሰው ይቅረብ። አፍንጫው ላይ ስፖንጅ እንጂ ብረትና እንጨት አይግባ። ቦታው ከአየር ማረፊያው፣ ከመብራት መስመርና ከመንገድ የራቀ ሜዳ ይሁን።

አጫጭሮቹ

ወደ አየር ማረፊያ ያለ ደብዳቤ ልጆችን መውሰድ አይገባም፤ በረራ የሚኖርበትን ቀንና ሰዓት አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ፎቶ ማንሣት የተፈቀደበትን ቦታም እንዲሁ። ድሮን ያለ ፈቃድ አታብርሩ፤ ሕጉን ለልጆች የምናስተምረው እኛ ነን። ሌዘር ወደ አውሮፕላን ማብራት አብራሪን ያሳውራል፤ ይህን በመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው።

የቴሌስኮፕ ምሽት በክረምት መጥራት ድካም ነው፤ የደሴን ጉም ታውቁታላችሁ። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ወቅት ተመራጭ ነው፤ ከከተማው መብራት ራቅ ብሎ ወደ ጦሳ ተራራ በኩል መውጣትም ይረዳል። ቴሌስኮፕ ቀን ላይ ያለ ጠባቂ አይተው፤ አንድ ልጅ ወደ ፀሐይ ካዞረው ዓይኑ አይመለስም።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. በሰሜን አፍሪካና በየመን ሙሉ የሆነ የፀሐይ ግርዶሽ ይኖራል፤ በእኛ አካባቢ በከፊል ይታያል። የሚሠራው ስህተት ከአሁኑ ይታወቃል፦ የኤክስሬይ ፊልም፣ የጠቆረ ብርጭቆና ተራ የፀሐይ መነጽር ይዞ መውጣት። ሦስቱም አይከላከሉም። ለግርዶሽ የተሠራ መነጽር ያስፈልጋል፤ ካልተገኘ በካርቶን ላይ ጠባብ ቀዳዳ በስታችሁ፣ ለፀሐይ ጀርባ ሰጥታችሁ ምስሏን በነጭ ወረቀት ላይ ማሳየት ይቻላል። ሐምሌ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ልጆቹን አንድ ላይ አታገኟቸውም። ስለዚህ ትምህርቱም ካርቶኑም ከሰኔ በፊት እጃቸው ይግባ፤ ሰማዩ ደመና ከሆነም ጨለም የሚልበትን ሰዓትና የሙቀቱን መቀነስ እቤታቸው ሆነው እንዲመዘግቡ ባዶ ሠንጠረዥ አብራችሁ ስጧቸው።